መጋጠሚያው ከአፈር በላይ

ሰኞ 4

የመጨረሻዎቹን ችግኞች ዛሬ ቀጣጥዬ ጨረስኩ። አውራ ጣቴ በምላጭ ተተልትሏል። የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ከጀርባዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «አንቺ እኮ ስትቀጥይ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፤ አንድ ቀን እዚሁ ድፍት ብለሽ ሥራ እንዳታስፈቺኝ» አለች።

ሥሩ የዱር ቲማቲም ነው። ፍሬው እንደ ጠጠር፣ ጣዕሙ እንደ ሬት፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ጨው ግን አይፈራም። አናቱ ደግሞ ገበያ ላይ የምናውቀው ቲማቲም ነው፤ ጨው የነካው እንደሆነ ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ የሚያርር ቅምጥል። ሁለቱንም በሰያፍ ቆርጬ የአንዱን እግር ከሌላው አናት ጋር አገጥማቸዋለሁ፤ በትንሽ ክሊፕ አጣብቄ ጨለማና እርጥብ ላስቲክ ቤት ውስጥ አስተኛቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። መጠበቅ ላይ ደህና ነኝ፤ ካገባሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ እሱ ሆኗል።

አማቴ አንድ ወቅት ሰጥተውኛል። አባባ ነው የምላቸው። «ይኼ መሬት ጨው ሆኗል ልጄ። አንዴ ሞክሪው። እንቢ ካለሽ ቤቱን ዘግተን ከተማ እንገባለን» ነው ያሉት። ከተማ ማለት ልጃቸው ያለበት፣ ማለትም ባሌ ያለበት ነው። ሴት ልጅ ባሏ ያለበት ለመሄድ እንዲህ ትፈራለች? የማይረባ ጥያቄ። ልተኛ።

ሐሙስ 7

እሱ ደወለ። ስለ ጭነት መኪናው ጎማ፣ ስለ አለቃው፣ የባጡን የቆጡን አወራኝ። መቼ ትመጣለህ ስለው ኔትወርኩ መቆራረጥ ጀመረ። ይኼ ኔትወርክ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚቆራረጥ ያውቃል። ከበስተኋላው ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል። «የጎረቤት ልጅ ነው» አለኝ። እኔ አልጠየቅኩትም።

ዓርብ 15

ላስቲክ ቤቱ ተከፈተ። ጥቂቶቹ ጠውልገው ተኝተዋል፤ የበዙት ቆመዋል። መጋጠሚያቸው ላይ ትንሽ ቋጠሮ ሠርተዋል፣ እንደ ዳነ ቁስል። ኃላፊዋ አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችውና ምንም ሳትናገር አስቀመጠችው። እሷ ዝም ካለች ምስጋና ነው።

እሑድ 24

ተከልን። ወገቤ የለም፣ የሆነ ቦታ ማሳው ውስጥ ጥዬው መጥቻለሁ።

መሬታችን ጠዋት ጠዋት ነጭ ነው። ቦዩ ከመጣ ወዲህ እንደ ልብ እያጠጣን ውሃው ከሥር ተኛ፤ ፀሐይ ስትመታው ይተንና ጨዉን ላይ ጥሎት ይሄዳል። ጨው ደግሞ ከፍታ ይወዳል፤ የመደቡ አናት ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ችግኞቹን አናቱ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ፣ ውሃው ወደሚወርድበት ፈር ጠጋ አድርገን ተከልናቸው። ይኼን አባባ ወደዱት። «ብልህ ነሽ» አሉኝ።

ያልወደዱት ሌላውን ነው። ቲማቲም ሲተከል ጠለቅ ይደረጋል፤ ከፍ ሲልም ግንዱን አፈር ያስታቅፉታል። የታቀፈው ግንድ ተጨማሪ ሥር ያወጣል፣ ይጠነክራል። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ያደረጉት ይህንኑ ነው። የኔዎቹ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መጋጠሚያው አፈር ውስጥ ከገባ፣ ከላይ ያለው ቅምጥል የራሱን ሥር ሰድዶ ጨዉን መጠጣት ይጀምራል፤ የዱሩ እግር ከንቱ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ ማስረዳት ሲገባኝ ደክሞኝ ስለነበር «አባባ፣ እንዳያስታቅፉት። ቋጠሮው ይታይ፣ በቃ» ብዬ ጮህኩባቸው። ዶማቸውን ተደግፈው አዩኝና «ሰማሁ» አሉ። ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ወሬ ስለማያመልጣት ሁሉም ሰው ሬዲዮ ነው የሚላት። «ጉድ ነው እናንተ፤ ምራት አማቷን ግብርና ታስተምር ጀመር» አለች። አፈርኩ። ነገ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ማክሰኞ 26

ይቅርታ አልጠየቅኩም። ረሳሁ ብል ይሻላል። ችግኞቹ ቆመዋል።

እሑድ 1

አዲስ ወር። ማሳውን ገለባ አለበስነው። መሬቱ ጥላ ካገኘ ውሃው ቶሎ አይተንም፣ ጨዉም ተጣድፎ አይወጣም። ቋጠሮው አሁን አይታይም፤ ግን ያለበሰው ገለባ እንጂ አፈር አይደለም። ሁለቴ ዞሬ አረጋገጥኩ። ሦስተኛ ልዞር ስል አባባ «ተያቸው እንጂ፣ ይተኙበት» አሉኝ።

ደስ ብሏቸዋል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመስመሮቹ መሃል ሲመላለሱ አየኋቸው፤ የሚፈትን መምህር ይመስላሉ።

ዓርብ 6

ኃላፊዋ ቢሮዋ ጠርታ አስቀመጠችኝ። ከተማው ዳር አዲስ ጣቢያ ሊከፈት ነው፤ የመቀጠሉን ሥራ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል፤ ማደሪያ ክፍልም አለው። «እኔ አንቺን ነው ያሰብኩት» አለች። ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ምንም አልቀረው። አፌ ግን «አባባን ማን ያያል?» አለ። ከልቤ አፌ ቀደመ።

ራት ላይ ለአባባ እንደ ቀልድ አነሳሁላቸው።

«እና እንቢ አልሽ?»

«እንቢ አልኩ።»

«ለምን?»

«እርስዎን ማን ያያል?»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወዲያ አልበሉም። ሾርባው ጨው አንሶት ይሆናል፤ እሳቸው ጨው ይወዳሉ።

ረቡዕ 11

አባባ ዓይናቸውን ለማሳየት ከተማ ሄዱ። ልሸኝዎት ብል አልፈለጉም። ልጃቸው ጋ ያድራሉ። ቤቱ ሰፋብኝ። ሁለት ጊዜ ወለል ጠረግኩ፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረም።

ዓርብ 13

ተመለሱ። መነጽር የለ፣ ጠብታ የለ። «ሐኪሙ ምን አለ?» ስላቸው «ደህና ነው፣ አጥርተህ ታያለህ አለኝ» አሉ።

«እሱስ?»

«ደህና ነው።»

«እመጣለሁ አላለም?»

«ሥራ በዝቶበታል።»

ይህን ሲሉ ጫማቸውን እየፈቱ ነበር። አንድ የጫማ ማሰሪያ ያን ያህል ጊዜ ሲወስድ አይቼ አላውቅም። መንገዱ አድክሟቸዋል።

እሑድ 15

«አንቺ በጣቢያው ሥራ ተጎድተሻል፤ ማሳውን ለኔ ተይው፤ እሑድ እንኳ ዕረፊ» አሉኝ። አልተግደረደርኩም፣ ተኛሁ። ስነቃ ከሰዓት ሆኗል። በመስኮት አየኋቸው። ተንበርክከው ገለባውን አንድ በአንድ ያስተካክላሉ። አንጀቴን በሉት። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው። ያን ቀን ስለጮህኩባቸው ይቅርታ እንዳልጠየቅኩ ትዝ አለኝ።

ረቡዕ 18

ከላስቲክ ቤቱ ጀርባ ሁለት ሠራተኞች ሲያወሩ ሰማሁ።

«እሷ እኮ አታውቅም፣ ታሳዝናለች።»

«ታውቃለች። ማወቅ ነው ያልፈለገችው።»

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልሰማሁም። ስገባ ግን ሁለቱም የውሃ ማጠጫውን ጎማ በአንድ ጊዜ አነሱ። ጣቢያው ውስጥ ብዙ ሴት አለ፤ ስለ ማንም ሊሆን ይችላል።

ማክሰኞ 24

ጥድፊያ። ትልቅ ትዕዛዝ መጥቷል። ስወጣ ጨለማ፣ ስገባ ጨለማ። ማሳውን ካየሁ ሰነበትኩ። አባባ «ደህና ናቸው» ይላሉ። እሱ አልደወለም። ነገ ይደውላል።

እሑድ 29

ዛሬ ማሳ ወረድኩ። በአጥሩ በኩል ያሉት አራት መስመሮች ጉልበቴን አልፈው አበባ ይዘዋል። የቀሩት ግን አልፎ አልፎ አበባ ይዘው ደንዝዘዋል። አላደጉም፣ አልሞቱም፤ አኩርፈው የተቀመጡ ይመስላሉ። በአጥሩ በኩል ላሉት ውሃ ይቀርባቸው ይሆን? አይቀርባቸውም፣ እንዲያውም ሩቅ ነው። አፈሩ ይለይ ይሆናል። አባባን ጠየቅኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ።

አባባ ስለዚህ መሬት ምን አውቄ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ 5

የቅጠሎቹ ዳር አረረ። ይህን መልክ እንደ እናቴ ፊት አውቀዋለሁ፤ ጨው ነው።

የዱሩ እግር ለምን አልያዘም? ቆርጬ ሳገጥም አበላሽቼ ይሆን? ግን አራቱ መስመሮችም የኔው እጅ ናቸው። ኃላፊዋን ላሳፍራት ነው። ለአባባ ስንት ነገር አውርቼ፣ ምላጭ ይዤ ስንጎማለል ከርሜ። ሬዲዮ አጥሩ ላይ ሆና «እኔ ብያለሁ፤ ይኼ መሬት አላበቅልም ብሎ ቆርጧል» አለች። ጨዉን ወደ ታች ይግፋልኝ ብዬ ውሃ ጨምሬ ለቀቅኩ። እግሬ ጭቃ ውስጥ ቆሜ መሸብኝ።

እሑድ 6

ገለባውን ገለጥኩ።

ከሥሩ አፈር ነው። ከመደቡ አናት የተፋቀ፣ ጨው ያነጣው አፈር፣ ግንዱን እስከ አንገቱ አቅፎታል። በጣቴ ቆፈርኩ። መጋጠሚያው ከአራት ጣት በታች ተቀብሯል፤ ከእሱ በላይ ነጫጭ ሥሮች እንደ ፂም ወጥተዋል። ሁለተኛውን ገለጥኩ። ሦስተኛውን። ሁሉም እንደዚያው። አጥሩ ጋ ሄድኩ። አራቱ መስመሮች ላይ ያለው ገለባ ብቻ ነው፤ ቋጠሯቸው እንደ ተከልኩት ከአፈር በላይ ነው።

ልማድ ነው። ዕድሜ ልኩን ያስታቀፈ እጅ ሳያውቀው ያስታቅፋል። እኔም ጮህኩባቸው እንጂ መች አስረዳኋቸው። ጥፋቱ የኔ ነው።

ግን በልማዱ የሚያስታቅፍ ሰው ገለባውን ወደ ጎን ጥሎት ይሄዳል። ይኼ ገለባ ተመልሶ ለብሷል፤ ጠርዝ ከጠርዝ ተገጥሞ፣ እኔ እንኳ እንዲህ አላለበስኩትም። ንጹሕ ሰው ናቸው። ለንጽሕና ነው።

ሰኞ 7

አልተናገርኩም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ማክሰኞ 8

ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ሳልቀመጥ «ገለባውን ገልጬ አየሁት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ስትገልጪ አይቼሻለሁ።»

«ረስተው ነው አይደል አባባ? እጅዎ ለምዶ ነው።»

ረስቼ ነው እንዲሉኝ እየለመንኳቸው ነበር። አሁን ስጽፈው ይገባኛል።

«አልረሳሁም» አሉ። «ያን ቀን ያልሽኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። ቋጠሮው ይታይ ብለሻል።»

«ታዲያ?»

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹ።

«ያኔ ከተማ የሄድኩት ለዓይኔ አይደለም። ወሬው እኔም ጋ ደርሶ ነበርና ራሴ ልየው ብዬ ነው። እዚያ ቤት ሚስት አለች። ልጅ አለ፤ መዳህ ጀምሯል። እኔን ሲያይ ፈርቶ አለቀሰ። ንገራት አልኩት። አንተ ንገራት አለኝ። እኔም አቃተኝ፤ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አንቺ ደግሞ ለኔ ብለሽ ያንን ሥራ እንቢ ብለሻል። ይኼ መሬት ካፈራ፣ እኔን ሽማግሌ ስታስታምሚ እሱን ስትጠብቂ ዕድሜሽን እዚህ ትጨርሺዋለሽ። መሬቱ እንቢ ካላት ትሄዳለች አልኩ። እኔ መንገር ካቃተኝ አፈሩ ይንገራት አልኩ።»

«አራቱ መስመሮችስ?»

«እነሱን እጄ እንቢ አለኝ» አሉ። «በጣም ያምሩ ነበር።»

ጥያቸው ሄድኩ። ቦዩን ይዤ እስከማላውቀው ቦታ ድረስ ተጓዝኩ። ሰው እንዴት ለሰው አዝኖ ተክሉን ይገድልበታል? ለምን ቁጭ አድርገው አልነገሩኝም? ትልቅ ሰው አይደለሁም? በየጠዋቱ ደህና ናቸው እያሉኝ፣ እኔ ስወጣ ጠብቀው እየወረዱ!

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሚስት አለች ሲሉኝ አልደነገጥኩም። የጎረቤት ልጅ ነው ያለኝ ቀን አውቄዋለሁ። ከዚያም በፊት ይሆናል። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ እንኳ ለራሴ ስዋሽ ከርሜያለሁ። እሳቸው ያስታቀፉት ቲማቲሙን ነው፤ እኔ ደግሞ ይኼን ነገር ስንት ጊዜ አፈር አልብሼዋለሁ።

ረቡዕ 9

ስነሳ ቤት የሉም። ማሳ ውስጥ ተንበርክከው በባዶ እጃቸው አፈሩን ከግንዱ ይጠርጋሉ። ምላጬን ወስደዋል። አንዱን ሥር ሊቆርጡ ይሞክራሉ።

ምላጩን ተቀበልኳቸው። «ከቋጠሮው በላይ ያለውን ብቻ ነው» አልኩ። «ከታች ያለው የዱሩ ነው፤ ጨዉን የሚችለው እሱ ነው፤ እሱን አንነካም።» አንዱን ነቅዬ ከሥር እስከ ጫፍ እያሳየሁ አስረዳኋቸው፤ መጀመሪያውኑ እንዲህ ማስረዳት ነበረብኝ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ እሳቸው ይገልጣሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከማናችንም አፍ አልወጣም። ሬዲዮ አጥሩ ላይ ሆና አየችን፤ በኋላ በሩን ዞራ ገብታ ገለባውን ከፊታችን እያነሳች ታቀብለን ጀመር። ሬዲዮ ዝም ብላ ስትሠራ ማየት ያስፈራል።

ሰኞ 14

ሁሉም ጠውልገዋል። የለመዱትን ሥር ቀምቻቸው ምን ይሁኑ። ቀን ቀን ይተኛሉ፣ ሲመሽ ቀና የሚሉ ይመስለኛል። ምናልባት ዓይኔ ነው።

ዛሬ እኔ ደወልኩለት። ስለ ጎማው ሊጀምር ሲል አቋረጥኩት።

«መቼ ትመጣለህ አልልህም» አልኩት። «የልጅህ ስም ማን ነው?»

ኔትወርኩ አልተቆራረጠም። ትንፋሹ ሁሉ ይሰማኛል። ነገረኝ። ጥሩ ስም ነው። ይህንንም ነገርኩት። «ለአባትህ በየጊዜው ደውልላቸው፤ ለኔ ግን አትደውል» አልኩና ዘጋሁት። ከዚያ ቦዩ ዳር ቁጭ ብዬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

እሑድ 27

ከሦስት አንዱ ሞተ። የቀሩት አዲስ ቅጠል አውጥተዋል፤ ዳሩ ንጹሕ ነው፣ አላረረም፤ አንዳንዶቹም አረንጓዴ ፍሬ ይዘዋል። በመስመሮቹ መሃል እንደ ሞኝ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ዞርኩ።

ኃላፊዋ ልታይ መጣች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ አባባም ሳልደብቅ። ከንፈሯን አልመጠጠችም፣ ለዚህ ነው የምወዳት። ጎንበስ ብላ አንዱን ቋጠሮ በጣቷ ዳሰሰች።

«አዲሱ ጣቢያ ላይ ያለው ቦታ አልተያዘም። ምን ልበል?»

«ከሚቀጥለው ወቅት በኋላ ጠይቂኝ። ይኼን ማሳ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይበላሽ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ለሽማግሌው ብለሽ ነው?»

«አይደለም። ሥራው የኔ ነው።»

አባባ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሰምተዋል፤ እኚህ ሰው የማይሰሙት ነገር የለም። ራት ላይ «እንግዲህ አላባርርሽም» አሉኝ።

«ቢያባርሩኝም አልሄድም። የምሄድ ቀን እኔው ራሴ እነግርዎታለሁ። እርስዎም የሚሉት ካለ ለአፈሩ ሳይሆን ለኔ ይንገሩኝ።»

«እሺ» አሉ። ሾርባቸውን ጨርሰው በሉ።

እሑድ 11

የመጀመሪያው ቀይ። ከአራቱ መስመሮች ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ከቆረጥናቸው መሃል መጣ። የተቸገረ ተክል ፍሬውን ቶሎ ያበስላል መሰለኝ። ትንሽ ነው፤ እንዲህ ያለ መሬት ፍሬውን ያሳንሰዋል፣ ጣዕሙን ግን ያጠነክረዋል ይላሉ።

ማሳው ዳር ተቀምጠን ለሁለት ገመስኩት። የኔን ጎረስኩ። ጣፋጭ ነው። ስለ ልፋቴ አይደለም፣ የእውነት ጣፋጭ ነው።

አባባ የሳቸውን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ ነከሱት። ቀስ ብለው አኘኩ። ይኼ ሁሉ ወር ለዚህች ግማሽ ቲማቲም ነው። ምን ይሉ ይሆን ብዬ አፋቸውን አያለሁ።

«ልጄ» አሉ።

«አቤት አባባ።»

«ትንሽ ጨው ብታመጪልኝ።»

አፈጠጥኩባቸው። የምራቸውን ነው። ነጩን መሬት አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ። ይኼኔ የተናገሩት ለራሳቸውም ገባቸውና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በሳቅ እንባቸው መጣ። እኔም መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ሬዲዮ ከአጥሩ ወዲያ «ምን ተገኘ? ለኔም ንገሩኝ እንጂ» ትላለች፣ የሚመልስላት አጣች።

ሳቄ ሲበርድልኝ ተነስቼ ጨዉን አመጣሁላቸው።